ዓሣ ፎቅ አይቆጥርም

ከወራት በፊት አንድ ወጣት ወዳጄ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። የመጀመሪያውን የጨው ውኃ አኳሪየም ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። ኮራሎቹ ይዘውለታል፤ ውኃው ጠርቷል፤ ሁለት ክላውንፊሾቹ፣ አንዷ ሮያል ግራማና ሁለት ጎቢዎቹ በደንብ ይበላሉ። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ላዩ ባዶ ሆነብኝ። ምን ዓሣ ልጨምርበት?»

እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የጠየቃቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተውታል። ሻጩም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የገዛው መጽሐፍም የሚሉት ያው ነው፤ ሰባት አረንጓዴ ክሮሚስ ግዛ፣ ሰባት ካልሆነልህ አምስት፣ ላዩን ይሞሉልሃል። እኔ «ምንም አትጨምር» ስለው ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ «ጋሼ አረጁ» የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ዝምታ ነው።

የምሟገተው እምነት ሲጠቃለል እንዲህ ይላል። አኳሪየም ሦስት ፎቅ አለው፤ ምድር ቤት፣ መካከለኛና ላይኛ። እያንዳንዱ ዓሣ ሲፈጠር አንዱ ፎቅ ተመድቦለታል። የአሳዳጊው ሥራ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ለየፎቁ ነዋሪ ማደል ነው፤ ጎቢና ብሌኒ ታች፣ ታንግ መካከል፣ ክሮሚስ፣ አንቲያስ፣ ካርዲናልና ፋየርፊሽ ላይ። ላይኛው ፎቅ ተከራይ ካጣ አኳሪየሙ ገና አላለቀም ይባላል። እኔ የምለው ከፍታ የዓሣ አድራሻ አይደለም ነው። ከፍታ የዕለት ውሳኔው ነው። የሚበላው በላይ በኩል የሚያልፍ ከሆነና የሚሸሸግበት ቀዳዳ ቅርብ ከሆነ ይወጣል፤ ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ «ለላይኛው የትኛውን ዓሣ ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል። መጠየቅ ያለበት «ያሉኝን ዓሦች እንዳይወጡ የከለከላቸው ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

እምነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ የፎቁ ነገር እውነትነት አለው። የደቡብ አሜሪካውን ሃቼትፊሽ ተመልከቱ። ጀርባው እንደ ገበታ ቀጥ ያለ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ነው። በጫካ ጥላ ሥር በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ስለሚኖር ምሳው ከዛፍ የሚወድቅ ነፍሳት ነው፤ የውኃው ገጽ ማዕዱ ነው። እዚያው ወንዝ ውስጥ የሚኖረው ኮሪዶራስ ደግሞ አፉ ወደ ታች፣ ከንፈሩ ባለ ጢም ነው፤ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲያስስ ይውላል። እነዚህን ሁለት ዓሦች ያየ ሰው «ይሄ የላይ፣ ይሄ የታች» ቢል ከአካላቸው ላይ አንብቦ ነው። ከዚያ ግን አንድ ሰው ይህንኑ የፎቅ ክፍፍል ሠንጠረዥ አድርጎ ወደ ባሕሩ ተሻገረ፤ ሌላውም ተከተለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ባሕርም የራሱ የላይኛ ዓሣ አለው እኮ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ማታ ጀልባ ላይ መብራት አንጠልጥሎ ውኃውን የተመለከተ ሰው ያውቃቸዋል። የታችኛው መንጋጋው ብቻ እንደ መርፌ የረዘመው ዓሣ አለ፤ ሁለቱም መንጋጎቹ እንደ መርፌ የሾሉ፣ ብርሃን ሲያይ ከውኃ ተስፈንጥሮ ሰው እስከ መውጋት የሚደርስም አለ። በሺዎች ሆነው እንደ ብር ብናኝ የሚያንጸባርቁ ትንንሾችም አሉ። እነዚህ እውነተኛ የገጽ ዓሦች ናቸው። ለሦስት መቶ ሊትር ገንዳ አንዳቸውንም የሚሸጥ ሰው አላየሁም፤ ቢሸጥም በሳምንቱ አፋቸው መስታወት ላይ ተሰብሮ ያልቃሉ። ታዲያ «የላይኛ» ተብሎ የሚሸጥልን ምንድን ነው? የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የገነባው የባሕር ውስጥ አለት፣ ዓሣ ነው፤ ቤቱ ታች ሆኖ ለምግብ ከፍ የሚል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የክርክሩ ሥጋ ያለው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሃምነርና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ፣ ዴቪስ በተባለው ሪፍ ላይ ያጠኑትን አሳተሙ። ማዕበል በሚመታው በኩል ጅረቱ ከጥልቁ ባሕር ይዞት የሚመጣው ጥቃቅን እንስሳ፣ ማለትም ዙፕላንክተን፣ ሪፉ ዘንድ ሲደርስ የሚጠብቀው የዓሣ መንጋ ነው። ቀን ቀን እነዚህ ዓሦች ጅረቱን ትይዩ ቆመው የሚያልፈውን እየለቀሙ አብዛኛውን ይጨርሱታል። ተመራማሪዎቹ ያንን መንጋ የአፎች ግድግዳ ብለው ሰየሙት። የእኛ ክሮሚሶችና አንቲያሶች የዚያ ግድግዳ ዓይነት ጡቦች ናቸው። በፎቶግራፍ ያየናቸው ሁልጊዜ ከኮራሉ በላይ ሲንሳፈፉ ስለሆነ «የላይ ዓሣ» አልናቸው። ፎቶግራፍ አንሺው ሲቀርብ ወዴት እንደሚገቡ ግን ፎቶው አያሳይም።

ወዴት ነው የሚገቡት? ክሮሚስ እንደ ቁጥቋጦ የተንሰራፋ ኮራል ይመርጣል፤ ከቅርንጫፎቹ በላይ ይበተናል፤ ጥላ ባየ ቁጥር መቶው በአንዴ ተጠራርጎ ይገባል። ሆብሰንና ቼስ በማርሻል ደሴቶች ኤኒዌቶክ ላይ ያዩትን በ1978 ጽፈዋል። ከሪፉ ርቀው የሚወጡት ፕላንክተን በላዎች አካላቸው ለፍጥነት የተቀረጸ፣ ጭራቸው እንደ መንታ መንገድ የተከፈለ ናቸው፤ ትንንሾቹና ዘገምተኞቹ ከመጠጊያቸው ብዙ አይርቁም። ማን ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ሩጫው ነው። እኔ ይህን የአንድ እስትንፋስ ርቀት እለዋለሁ፤ አዳኝ ከመድረሱ በፊት ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ የሚችልበት ርቀት።

ኤላት ደግሞ አለች። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሽርሽር ሲወርዱ የሚጎበኟት የቀይ ባሕር ጫፍ፣ ለዚህ ጉዳይ ከዓለም ዋና ዋና የጥናት ቦታዎች አንዷ ናት። አማጽያ ጌኒንና ባልደረቦቹ እዚያ ሲለኩ፣ ዙፕላንክተኑ ከሪፉ ወለል አጠገብ ሳስቶ ከፍ ሲሉ እየበዛ እንደሚሄድ አገኙ። የሚያሳሳው አንዱ ነገር ዓሦቹ ራሳቸው ናቸው፤ መጠጊያቸው አጠገብ ሆነው ስለሚለቅሙ የቅርቡን ይጨርሱታል። ይህን አስቡት። የተትረፈረፈው ምግብ ከራሳቸው በላይ እየታያቸው አይወጡም። ምግቡ ላይ ነው፣ ነፍስ ግን ታች ናት። ክሮሚስ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ ምልልስ አንዷን ቅጽበት ቆርጠን መታወቂያ አድርገን ለጠፍንበት።

ሌሊቱም አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ሁሉም ወደ ኮራሉ ይገባል። በ2004 የታተመ የኤላት ጥናት እንዳሳየው ክሮሚስን የመሳሰሉ ትንንሽ ዓሦች በኮራል ቅርንጫፎች መካከል ተኝተው ሳሉ ክንፋቸውን ያለማቋረጥ ያርገበግባሉ፤ በዚህም ሌሊት ኦክስጅን የሚያጥረውን ኮራል ያናፍሱለታል። «የላይኛው ፎቅ ተከራይ» የተባለው ዓሣ የዕድሜውን እኩሌታ የሚያሳልፈው በኮራል አንጀት ውስጥ ተኝቶ፣ እየሠራ ነው። ሻጩ ይህን ቢያውቅ ዋጋ ይጨምርበት ነበር።

አሁን ሜትር አምጡና የወዳጄን አኳሪየም እንለካ። ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ነው። አሸዋው አምስት ይወስዳል፣ ከላይ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። በባሕሩ ውስጥ ክሮሚስ ከኮራሉ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊወጣ በሚችልበት ልኬት ስናየው፣ ይህ ገንዳ ከወለሉ እስከ ገጹ ድረስ ሁሉም ወለል ነው። ላይኛ የሚባል የለውም። ዱባይ ሞል ውስጥ ያለውን አኳሪየም ያዩ ብዙ የሀገሬ ልጆች አሉ፤ አሥር ሚሊዮን ሊትር ይይዛል፣ ከፍታው 11 ሜትር ነው። እዚያ ስለ ላይና ታች ቢወራ ይገባኛል። የወዳጄን ገንዳ ሃያ ጊዜ ብትደራርቡት ነው እዚያ የምትደርሱት። በ55 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት ፎቅ መቁጠር ግን በሶፋ ላይ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እንደ መፈለግ ነው።

ወደ ሰባቱ ክሮሚሶች ልመለስ፤ እኔም ገዝቻቸው ነበርና። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ምድር ቤት ባቆምኩት በመጀመሪያው ትልቅ ገንዳዬ፣ ዛሬ ወዳጄን የመከሩትን ምክር ሰምቼ ሰባት አስገባሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ያማሩ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ቡና ሳይፈላ ወደ እነሱ ነበር የምወስደው። በአራተኛው ሳምንት አንዱ ጭራው ተቦጭቆ ከፓምፑ ጀርባ ተገኘ። ስድስት ሆኑ። ከወር በኋላ አምስት። ውኃውን ለካሁ፣ ምግቡን ቀየርኩ፣ ራሴን ወቀስኩ። በስምንተኛው ወር አንድ ብቻ ቀረ፤ ያም እንደ ድሮ ባላባት ደረቱን ነፍቶ ዓመታት ኖረ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ይህን ታሪክ ያልነገረኝ የክሮሚስ አሳዳጊ ማግኘት አቃተኝ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ክሮሚሶች መንጋ ይሁኑ እንጂ መንጋው ውስጥ ተዋረድ አለ። ሪፍ ላይ መንጋው በብዙ አሥሮችና በመቶዎች ስለሚቆጠር የአለቃው ጡጫ ተበትኖ ለእያንዳንዱ ትንሽ ይደርሰዋል፤ የተገፋው ደግሞ ወደ ጎረቤት ኮራል ይሰደዳል። መስታወት ውስጥ ጎረቤት ኮራል የለም። ከሰባቱ መጨረሻ ያለው ጡጫውን ሁሉ ይጠጣል፤ እሱ ሲሞት ተራው ለስድስተኛው ይደርሳል። በዚህ ላይ ክሮሚስን በተለይ የሚያጠቃ ዩሮኔማ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ አለ፤ ተይዞ፣ ተጭኖ፣ ተጨናንቆ የመጣን ዓሣ ጎኑን አቁስሎ በቀናት ይጨርሰዋል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መድኃኒት «ቁጥራቸው ጎዶሎ ይሁን» የሚል ነው። ዓሣው ይቆጥራል እንዴ?

በ2004 እና በ2005 መካከል በነበረው አንድ ዓመት ወደ አሜሪካ የገቡትን የባሕር ጌጥ ዓሦች ተመራማሪዎች ከጭነት ሰነድ ላይ ቆጥረው ነበር። ከ11 ሚሊዮን በላይ ዓሣ፣ 1,802 ዝርያ። ከሁሉም አንደኛ የወጣው ይኸው አረንጓዴ ክሮሚስ ነው። በደህና ቢያዝ ዓመታት የሚኖር ዓሣ በየዓመቱ በዚያ ብዛት የሚገዛ ከሆነ፣ ያለፈው ዓመት የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም። ላይኛውን ፎቅ ለመሙላት የሚገዛ ዓሣ በአብዛኛው የሚገዛው የሞተውን ለመተካት ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። ለሻጭ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ተከራይ የለም፤ በየስድስት ወሩ ለቅቆ ቤቱን ባዶ የሚያደርግ።

የፎቅ ሠንጠረዡ ስህተት መሆኑን ለማየት ኤላት ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ የራሳችሁን መስታወት ማየት ይበቃል። ክላውንፊሽ በባሕር ውስጥ አኔሞኒ ከተባለው አበባ መሳይ እንስሳ ጋር ወለል ላይ የሚኖር ዓሣ ነው። እንደ ሠንጠረዡ ከሆነ ቦታው ታች ነው። ግን አኔሞኒ በሌለበት ቤት ውስጥ የት ነው የሚውለው? በብዛት በላይኛው ጥግ፣ ከውኃው ገጽ ሥር፣ ፓምፑን ተጠግቶ ይወዛወዛል። ባንጋይ ካርዲናል ደግሞ በሠንጠረዡ ከላይኞቹ ተርታ ይመደባል። ይህ ዓሣ የኢንዶኔዥያ ባንጋይ ደሴቶች ተወላጅ ነው። ቤቱ የባሕር ጃርት እሾህ መካከል ነው። በእሾህ ውስጥ ተሸሽጎ የሚያድግን ዓሣ ባዶ ውኃ መካከል አቁመው «ቦታህ እዚህ ነው» ይሉታል። ፋየርፊሽም እንዲሁ ነው። ከጉድጓዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ጅረቱን ትይዩ ይቆማል፤ ሲደነግጥ ጉድጓዱን ካላገኘ ወደ ላይ ይዘላል። የኔውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ደርቆ አገኘሁት። ከገዛኋቸው ዓሦች ሁሉ የላይኛውን ፎቅ አልፎ የሄደ እሱ ብቻ ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላም ነገር አለ። ዓሣ ላይ መታየቱን እንደ ስኬት መቁጠር የለመደ ዓይን፣ ዓሣው ሲታመም አያይም። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የባሕር ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ቢበዛ 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ጨው የሌለው ውኃ 8.2 ገደማ ይይዛል። የጨው ውኃ ዓሣ ከመጀመሪያውም በጠባብ ትንፋሽ ነው የሚኖረው። ፓምፕ ሲቆም፣ አሞኒያ ሲነሳ፣ ወይም አሚሉዲኒየም የተባለው ጥገኛ ስንጥቡን ሲወርረው ዓሣው መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ላይ መውጣት ወይም የፓምፑ አፍ ፊት ቆሞ መተንፈስ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ዓሦቹ ላይ ወጥተው ሲያይ ደስ ብሎት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በማግስቱ ከአራቱ ሦስቱ ሞቱ። ፎቶው ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ።

ተቃዋሚዎቼ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ዓሦች በየባሕርያቸው ሲለያዩ ጠብ ይቀንሳል የሚሉት እውነት ነው፤ ሁለት ጎቢ በአንድ ጉድጓድ ከሚጣሉ አንዱ ጎቢ አንዱ ሌላ ቢሆን ይሻላል። ሁሉም ዓሣ ቢመቸው ይወጣል አልልም፤ ብሌኒ ቤተ መንግሥት ብትሠሩለት ድንጋዩን አይለቅም። አይናፋር ዓሣ ደፋሮች ሲዋኙ ሲያይ ይደፍራል የሚለውንም እቀበላለሁ፤ ጆርጅ ባርሎ የተባለው ሊቅ በ1968 ስለዚሁ ጽፏል። አንቲያስም በእርግጥ ክፍት ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው። ግን አንቲያስን ከገዛችሁ የምትገዙት ዓሣ ብቻ አይደለም። የምትገዙት አንድ ወንድና ብዙ ሴቶች ያሉበት ቤተሰብ ነው፤ ሌቭ ፊሸልሶን በ1970 እንዳሳየው ወንዱ ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ተለውጣ ወንድ የምትሆንበት። ይህ ቤተሰብ ባሕር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይለቅማል፤ ስለዚህ ቤታችሁም በቀን ሦስት አራት ጊዜ መመገብ አለበት። ያ ምግብ ሁሉ ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ይመለሳል። ይህን ለመሸከም የተዘጋጀ ሰው አንቲያስ ያሳድግ፤ እጁን እጨብጠዋለሁ። «ላዩ ባዶ ሆነብኝ» ብሎ የሚገዛው ግን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የዓይን ክርክር ነው። አኳሪየም የሚታይ ነገር ነው፤ ባዶ ቦታ ያስጠላል ይላሉ። እኛ ሐበሾች ይህን ስሜት ጠንቅቀን እናውቀዋለን። የሳሎን ጥግ ባዶ ከሆነ የፕላስቲክ አበባ እናቆምበታለን፤ አበባው እንዳይከፋው ሥሩ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው እንዳይበርደው ዳንቴል። እናቴ ትሙት፣ አንድ ጊዜ የእንግዳ ወንበር አጥተን ቆመን ቡና ጠጥተናል። ውኃ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ብርሃኑ የሚሰበርበት፣ ጅረቱ የሚዞርበት፣ ዓሣው ወጥቶ የሚመለስበት መንገድ ያ ነው። የመሄጃ ቦታውን በተከራይ ሞልታችሁ ማንም አልወጣም ብትሉ ጥፋቱ የማን ነው?

ግዴለም፣ መሞላት አለበት ለሚለኝ ሰው ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፤ ጥቁር ሞሊ ግዛ። አዎ፣ ያ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚሸጠው ርካሽ ሞሊ። በዝግታ ካለማመዱት በሙሉ የባሕር ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ በእርባታ የተወለደ ነው፣ ከሪፍ አልተዘረፈም፤ አልጌ ይግጣል፤ የውኃውን ገጽ ይወዳል። አፉም ወደ ላይ ነው። የ«ላይኛ ዓሦች» ዝርዝር ባየሁ ቁጥር ሞሊን እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አላገኘውም። ርካሽ ስለሆነ ይሆን?

ለወዳጄ የነገርኩት ሌላ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን አስነሳሁት። እንደ ብዙ ጀማሪ ድንጋዩን ከኋላ መስታወት ጋር ደርድሮ ጉብታ አድርጎት ነበር፤ ከጉብታው ጫፍ እስከ ውኃው ገጽ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ ነበር። ከድንጋዮቹ ሁለቱን አቁሞ ሦስተኛውን ጠፍጣፋ እንደ ጣሪያ እንዲጭንባቸው፣ ለባሕር ውኃ በሚሆን ማጣበቂያ እንዲያስይዘው፣ ከጣሪያው እስከ ገጹ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲቀር ነገርኩት። መጠጊያው ከፍ ካለ የአንድ እስትንፋሱ ርቀት አብሮት ከፍ ይላል፤ ዓሣው ራሱን አልቀየረም፣ ወለሉን ነው ያነሳንለት።

ቀጥሎ ፓምፑ። ላይኛውን ውኃ እንደ ወናፍ በቀጥታ ይነፋው ስለነበር ትንንሾቹ ሊቆሙበት አይችሉም። ወደ ፊተኛው መስታወት አዙሮት እየተጋጨ ሰፊና ለስላሳ ጅረት ሆነ። ምግቡንም ቢሆን ገጹ ላይ በትኖ ይሄድ ነበር፤ እኩሌታው ዓሣ ሳይደርስበት በመፍሰሻው በኩል ወደ ታችኛው ማጣሪያ ይወርዳል። አሁን ማይሲስ የተባለውን በረዶ የሆነ የዓሣ ምግብ በኩባያ አሟሙቶ፣ ውኃውን ከማጣሪያው የሚመልሰውን ፓምፕ ለአሥር ደቂቃ አጥፍቶ፣ በትልቅ ጠብታ ማንጠባጠቢያ ከጅረቱ መነሻ ላይ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይለቃል። ጅረቱ ምግቡን ይዞ በጣሪያው ድንጋይ ፊት ያልፋል። የአፎች ግድግዳ የሚሠራው በዚህ ነው፤ አፎቹ ቁጥራቸው ሁለት ቢሆንም። ከላይ የመረብ ክዳን አስደረግሁት፤ መስታወት ክዳን ሙቀት ይይዛል፣ አየር ያፍናል፤ መረብ ግን ዓሣ ብቻ ነው የሚመልሰው። ከዚያ ስድስት ሳምንት ምንም እንዳትገዛ አልኩት። ከሁሉም የከበደው ይህ ሳይሆን አልቀረም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ «ምንም የለም» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መልእክቱ ቀረ። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ነበር። እስከዚያው ስለ ግራማዋ አንድ ነገር ልበል፤ ሮያል ግራማ በካሪቢያን ባሕር የሚኖር፣ ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ ቢጫ፣ በዋሻ ጣሪያ ሥር ተገልብጦ የሚዋኝ ዓሣ ነው፤ ሆዱን የሚያዞረው ወደ ቀረበው ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ ላይም ይሁን ታች። ባሃማስ ላይ ያጠኑት እንደጻፉት ከአንድ ዋሻ ጣሪያ ሥር ትልልቆቹ ምግብ ወደሚመጣበት ጠርዝ ይቀርባሉ፤ ትንንሾቹን ወደ ኋላ ይገፏቸዋል። ሠንጠረዡ ግን «የታች ዓሣ» ብሎ ጽፎታል።

በአምስተኛው ሳምንት ፎቶ መጣልኝ። ግራማዋ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር፣ ከውኃው ገጽ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ፣ ተገልብጣ ወደ ጅረቱ ዞራለች። ሁለቱ ክላውንፊሾች ከድንጋዩ በላይ ናቸው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ታቹ ባዶ ሆነብኝ።»